መኪናዋን ያዞራት ማን ነው?
(ስለ ሪሞት መኪና ጎማ አመራረጥና አዘገጃጀት)

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ “ለ”

በዛሬው “ሳይንስና እኛ” ዓምዳችን ስለ ጎማ እናወራለን። “ጎማ ደግሞ ምን ይወራለታል?” እንዳትሉ! እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ስለ ጎማ ምንም ሳላውቅ አፌን በመክፈቴ ግን አንዲት ልጅ አስከፍቻለሁ። ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበባችን አንዲት የሪሞት መኪና አለችው። ድሮ እዚሁ የተማሩና አሁን አሜሪካ የሚኖሩ ሰው በስጦታ ያመጡልን ናት። ሱቅ እንደሚሸጡት መጫወቻዎች አይደለችም፤ ብሎኗ ይፈታል፣ ጎማዋ ይቀየራል፣ ዲናሞዋም ይወጣል። መጠኗ 1/10 ይባላል። ይህ ማለት የትልቋ መኪና ርዝመት 4 ሜትር ቢሆን የእሷ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አብሯት አንድ ካርቶን ሙሉ ትርፍ ጎማ መጥቶ ነበር። ካርቶኑን ግን ከፍቶ በደንብ ያየው ሰው አልነበረም።

ባለፈው ወር በአፈሩ ሜዳችን ላይ ከጎረቤት ት/ቤት ጋር ተወዳደርን። ውድድሩ 10 ዙር ነበር። ሹፌራችን ከ6ኛ ክፍል የመጣች ልጅ ናት፤ በልምምድ ጊዜ ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ነበረች። ውድድሩ ሲጀመር ግን ምን አለፋችሁ፣ መኪናዋ ኩርባ በደረሰች ቁጥር እንደ እንዝርት ትሽከረከር ጀመር! ስምንተኛው ዙር ላይ ደግሞ የኋላ ግራ ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ብቻውን ወደ ተመልካቹ ተንከባለለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀብን። ተሸነፍን።

ከዚያ አንዱ ልጅ “ሴት ሹፌር አድርጋችሁ እኮ ነው!” አለ። እኔም ተናድጄ ስለነበር “አንቺ መንዳት አትችይም!” አልኳት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም፤ ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ክበብ መምጣት አቆመች።

በሳምንቱ የሳይንስ መምህራችን “ለመሆኑ መኪናዋን ገልብጣችሁ ጎማዋን አይታችኋል?” ብለው ጠየቁን። አላየንም ነበር። ስንገለብጣት የኋላ ጎማዎቹ ጥርስ ሙልጭ ብሎ አልቋል! በላዩ ላይ ጣት ስናንሸራትት እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ሆኗል። መምህራችንም “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” አሉና ስለ ጎማ አጥንተን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔም ከመምህራችን፣ ከመኪናዋ ጋር ከመጣው መመሪያና በት/ቤታችን አጠገብ ከሚሠሩት ጎሚስታ ጠይቄ የተማርኩትን እነሆ።

ጎማ ሥራው ምንድን ነው?

መኪና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዲናሞ፣ ባትሪና ሪሞት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ከመኪናዋ አካል መሬት የሚነካው ጎማው ብቻ ነው። የዲናሞው ጉልበት፣ የሹፌሯ ጣት የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ሁሉም መሬት የሚደርሰው ጎማው መሬትን በሚነካባት ጠባብ ቦታ በኩል ነው። አራት ጎማ ስላለ አራት ትንንሽ ቦታዎች አሉ። እነሱ መሬቱን ካልያዙ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሰበቃ (ፍትጊያ) የሚባለውን ኃይል ተምረናል። መኪና ስትነሣም፣ ስትቆምም፣ ስትታጠፍም ሰበቃ ያስፈልጋታል። ሳሙና የፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ የረገጠ ሰው ሰበቃ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

ደስ የሚለው ነገር፣ መኪናዋ ራሷ የታመመችበትን ቦታ ትናገራለች፦

• የኋላ ጎማ መሬት ካልያዘ ኩርባ ላይ ጅራቷ ወደ ውጭ ይወጣና መኪናዋ ትሽከረከራለች። የእኛ በሽታ ይህ ነበር።
• የፊት ጎማ መሬት ካልያዘ መሪውን ብታዞሩም እሷ እምቢ ብላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።
• አራቱም ካልያዙ ዲናሞው ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ቶሎ አትነሣም።
• ጎማው ከመጠን በላይ ከያዘ ደግሞ ኩርባ ላይ ትገለበጣለች። አዎ፣ መያዝም ሲበዛ ችግር ነው!

አየር አይሞላበትም!

“ጎማ ተነፈሰ” ሲባል ሰምተን ስለምናድግ የሪሞት መኪና ጎማም አየር የሚሞላ ይመስለናል። አይደለም። የውድድር ሪሞት መኪና የጎማ እግር ሦስት ነገር ነው፦

1ኛ. ቸርኬ፦ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራው ክብ።
2ኛ. ላስቲኩ፦ መሬት የሚነካው፣ ጥርስ ያለው ወይም ልሙጥ የሆነው ክፍል።
3ኛ. ስፖንጅ፦ በላስቲኩና በቸርኬው መካከል የሚገባ ቀለበት። የአየርን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ላስቲኩ እንዳይሟሽሽ ከውስጥ ይደግፈዋል።

ቸርኬው ወይም ላስቲኩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። መኪናዋ ዘላ ስታርፍ በውስጥ ያለው አየር የሚወጣው በእነሱ ነው። “ቀዳዳ ነው” ብላችሁ እንዳትደፍኑት! በዚያው ቀዳዳ ግን ውኃም ሊገባ ይችላል። ስፖንጁ ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፤ ጎማውም እየተንቀጠቀጠ ይሽከረከራል። ስለዚህ ጎማ በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ባልዲ ውስጥ አይነከርም።

መጀመሪያ መሬቱን እዩ

ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ “ጋሼ፣ የትኛው ጎማ ነው ጥሩ?” ብላቸው ሳቁብኝ። “የኔ ልጅ፣ የትኛው ጫማ ነው ጥሩ ብትለኝ ምን ብዬ እመልስልሃለሁ? መጀመሪያ ወዴት እንደምትሄድ ንገረኝ እንጂ!” አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። ሣር ሜዳ ላይ ታኬታ ያደረገ ይሮጣል፤ በዚያው ታኬታ አስፋልት ላይ ቢሮጥ ግን ይንሸራተታል። ጎማም እንደዚያው ነው።

ልቅ አፈርና ሣር፦ ረጅምና ራቅ ራቅ ያለ ጥርስ ያስፈልጋል። ጥርሱ ልቁን አፈር ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል።

የተጠቀጠቀ ደረቅ አፈር፦ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ ይሻላል። ረጅም ጥርስ እዚህ ላይ ይተጣጠፋል፤ መኪናዋም ትወላገዳለች።

ጭቃ፦ ጥርሱ በጣም የተራራቀ ይሁን። ከተቀራረበ ጭቃው መሃሉ ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ክረምት ላይ ጫማችን ሥር የሚሆነውን አታውቁትም?

አስፋልትና ሲሚንቶ፦ ልሙጥ ጎማ። “ልሙጥ እንዴት ይይዛል?” ትሉ ይሆናል። ጠንካራና ንጹሕ መሬት ላይ ጥርስ የሚወጋው ነገር የለም። ስለዚህ የሚጠቅመው ብዙ ላስቲክ መሬቱን መንካቱ ነው። ልሙጥ ጎማ ደግሞ ከሁሉም በላይ መሬት ይነካል። ሆኖም እዚያው ላይ አቧራ ከተበተነበት ያንሸራትታል።

በውጭ አገር ሪሞት መኪና የሚወዳደሩት በአፈር ብቻ አይደለም፤ በምንጣፍና በሰው ሠራሽ ሣር ላይም ይወዳደራሉ። ለየመሬቱ የየራሱ ጎማ አለው።

ሌላም ነገር አለ። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ መኪኖች የፊትና የኋላ ጎማቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የፊተኛው ሥራው ማጠፍ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር አለው፤ የኋለኛው ሥራው መግፋት ስለሆነ ጥርስ አለው። የእኛዋም እንዲህ ዓይነት ናት።

መሬትም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሜዳችን ጠዋት በጤዛ ትንሽ ይረጥባል፤ ቀትር ላይ አቧራ ይሆናል። ስለዚህ ልምምድ በውድድሩ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

ለስላሳ ወይስ ጠንካራ?

ሁለት ጎማ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ላስቲካቸው ሊለያይ ይችላል። በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ቶሎ ከሰረጎደ ለስላሳ ነው፤ እምቢ ካለ ጠንካራ ነው። ለስላሳው መሬቱን በደንብ ይይዛል፣ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ግን ያንሸራትታል። ብርድ ላስቲክን ያጠነክራል፣ ሙቀት ያለሰልሳል። ስለዚህ በብርድ ቀን ለስላሳውን፣ ፀሐይ በከረረበት ቀን ጠንከር ያለውን መሞከር ጥሩ ነው።

ፎርሙላ ዋን የምታዩ ታውቁታላችሁ፤ ጎማቸው ጎን ላይ ያለው ቀይ ቀለም ለስላሳ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ነጭ ጠንካራ ማለት ነው። በሪሞት መኪና ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ምልክት አለው። የአንዱ “ለስላሳ” ከሌላው “ለስላሳ” ጋር እኩል ላይሆን ይችላልና በጽሑፉ ብቻ አትመኑ፤ በጥፍራችሁ ሞክሩት።

ጎማ እንዴት ይዘጋጃል?

ማሳሰቢያ፦ ሱፐር ግሉ አደገኛ ነው። ቆዳን ከቆዳ ያጣብቃል፤ ዓይን ከነካ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ጥጥ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ይግላል፣ ሊያቃጥልም ይችላል፤ ስለዚህ በጥጥ አትጥረጉት። ሁልጊዜ መምህር ባሉበት፣ የዓይን መነጽር አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።

1. ማጽዳት። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲመጣ ቅባት ነገር አለበት። ላስቲኩ ቸርኬው ላይ የሚያርፍበትን ጠርዝ፣ የቸርኬውንም ጠርዝ በአልኮል ጥረጉ። ቅባት ካለ ሱፐር ግሉ አይዝም።

2. ስፖንጁን ማስገባት። ስፖንጁ ሳይጨማደድ ዙሪያውን እኩል ይቀመጥ። ከተጨማደደ ጎማው ጉብ ይልና መኪናዋ ትዘላለች።

3. ላስቲኩን ቸርኬው ላይ ማልበስ። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ቦይ አለ። የላስቲኩ ከንፈር በዙሪያው ሙሉ በሙሉ እዚያ ቦይ ውስጥ መግባቱን በጣታችሁ አረጋግጡ።

4. አቅጣጫ ማየት። አንዳንድ ጎማ ወደየት መዞር እንዳለበት ጎኑ ላይ ቀስት አለው። ከማጣበቃችሁ በፊት የቀኝና የግራውን ለዩ። አንዴ ከተጣበቀ በኋላ “ውይ!” ማለት አይጠቅምም።

5. ማጣበቅ። ላስቲኩን በጣት ትንሽ ገለጥ አድርጎ ጠብታ ማስገባት፣ ከዚያ መጫን። በትንሽ በትንሹ ዙሪያውን፣ በሁለቱም ጎን። መብዛቱ ጥንካሬ አይሰጥም፤ እንዲያውም ፈስሶ ስፖንጁን ያደርቀዋል።

6. መጠበቅ። ሰፋ ያለ የላስቲክ ማሰሪያ ዙሪያውን አድርጋችሁ አሳድሩት። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚባለው ለዚህ ነው።

7. ሚዛን ማየት። ጎማውን በሚሽከረከር ዘንግ ላይ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሁልጊዜ አንዱ ጎን ወደ ታች የሚመጣ ከሆነ ያ ጎን ከባድ ነው። ከእሱ ተቃራኒ፣ በቸርኬው ውስጠኛ በኩል ትንሽ ፕላስተር እየለጠፋችሁ አስተካክሉ።

8. ማሟሸት። አዲስ ጎማ ገጹ ያብረቀርቃል፤ ያን ጊዜ ያንሸራትታል። በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሸት አሸት ማድረግ ወይም ከውድድሩ በፊት ጥቂት ዙር መንዳት ይበቃል። የሸክላ ምጣድስ ሳይሟሽ እንጀራ ይጋገርበታል?

አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ጎማውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይቀባሉ። ብዙ ውድድሮች ግን ይህን ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጎማ እንዲጠቀም ያዝዛሉ። ስለዚህ ደንቡን አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሙከራችን

መምህራችን “በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ” ብለው አስጠነቀቁን። ጎማም ባትሪም ሹፌርም አብረን ብንቀይር ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ ሹፌሩ እኔ፣ ባትሪው በየጊዜው ሙሉ ቻርጅ፣ ሜዳው ያው ሆኖ የኋላ ጎማውን ብቻ እየቀያየርን 10፣ 10 ዙር ነዳን።

ባለቀው አሮጌ ጎማ፦ መኪናዋ 6 ጊዜ ዞረች።
በረጅም ጥርስ፦ 2 ጊዜ ዞረች፤ ግን ጠንካራው መሬት ላይ ትወላገዳለች።
በአጭርና ጥቅጥቅ ጥርስ፦ 1 ጊዜ ብቻ ዞረች።

የሜዳችን አፈር የተጠቀጠቀ ስለሆነ የሚስማማው አጭር ጥርስ ነው ማለት ነው። እሱም ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር!

ጎማ እንዲቆይ

• ለአፈር የተሠራ ለስላሳ ጎማ ሲሚንቶ ላይ አይነዳ። ሲሚንቶ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል።
• ከተነዳ በኋላ አፈሩ ይራገፍ፤ ጠርዙ መላቀቅ አለመላቀቁ ይታይ።
• ጎማ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።
• መኪናዋ ስትቀመጥ ሆዷ ሥር ትንሽ እንጨት ይደረግ። ለረጅም ጊዜ በጎማዋ ከቆመች ጎማው በአንድ ጎን ይጠፈጠፋል።

ያውቁ ኖሯል?

★ ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 እ.ኤ.አ. ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ጠንካራና የሚለጠጥ ማድረግ እንደሚቻል አገኘ። ከዚያ በፊት ላስቲክ በሙቀት ይቀልጥ፣ በብርድ ይሰነጠቅ ነበር።
★ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. አየር የሚሞላ ጎማ የሠራው ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነው። አያችሁ፣ ትልቅ ነገር ከልጅ መጫወቻ ሊጀመር ይችላል!
★ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያዋን የሪሞት መኪናውን ለገበያ ያቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ መኪናዋን ያዞራት ማን ነው?

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። የኋላ ጎማዎቹን ጥርስ የጨረሰው ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ከውድድሩ በፊት ለሁለት ሳምንት፣ በየእረፍቱ መኪናዋን ሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ እየነዳሁ ስጫወት ነበር። ሲሚንቶ ጎማ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ስምንተኛው ዙር ላይ የወጣውን ጎማስ ያጣበቀው ማን ነው? እሱም እኔ ነኝ። በውድድሩ ቀን ጠዋት፣ ደወል ሊደወል ሲል፣ በአልኮል ሳልጠርግ በጥድፊያ ለጠፍኩት። ሹፌራችን ባለቀ ጎማ 7 ዙር መጨረሷ ራሱ የሚያስመሰግናት ነበር። እኔ በዚያው ጎማ ስሞክር 6 ጊዜ እንደዞርኩ ከላይ አንብባችኋል!

ባለፈው ሐሙስ ክፍሏ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ዝም አለችኝ። ቀጥላ “ሰው ፊት ነው የሰደብከኝ፣ ለብቻዬ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ እዚህ፣ ሁላችሁም በምታነቡት መጽሔት ላይ እጽፈዋለሁ፦ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም። ሴት መሆኗም ከመኪናዋ መዞር ጋር ምንም አይገናኝም። ይቅርታ።

አዲሱን ጎማ በደንብ ጠርገን፣ አጣብቀን፣ አሳድረናል። ሪሞቱ ግን አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ባለቤቷን እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ ለአንባብያን

መኪናዋ መሪ እያዞራችሁ ቀጥ ብላ ብትሄድ ችግሩ የትኛው ጎማ ላይ ነው? መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። መጀመሪያ በትክክል ለመለሰ ተማሪ አንድ እስክሪብቶ እንሸልማለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!